ጐራዴው የታለ?

በዲፓርትመንታችን ኮሪደር፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ቀጥሎ፣ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አይታችሁት ይሆናል፤ ሳታዩት አልፋችሁ ከሆነም አልቀየማችሁም። ብርቱካንማ ሰማይ፣ ከሰማዩ ፊት ሰባት ጥቋቁር ድንጋዮች፣ በሁለቱ መሐል ልትጠልቅ የደረሰች ጀምበር። ከስሩ «ምስጢራዊዎቹ የጢያ ትክል ድንጋዮች» ይላል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔው። ለፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ ያስረከብኩት ሥራ ነው፤ ጥሩ ማርክም አግኝቼበታለሁ። (ስንት እንደሆነ አልናገርም። ይቀነስልኝ ያልኩ እንዳይመስል።)

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ያ ፎቶ መጥፎ ጋዜጠኝነት መሆኑን ለመናገር ነው። ትሕትና እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሰሞን «ይውረድልኝ» ብዬ ጠይቄ «ምን ነካሽ? እንዲህ የሚያምር ፎቶ!» ተብዬ ተመልሻለሁ። ማማሩንማ መቼ ካድኩ? እንዲያውም ጣጣው የመጣው ከማማሩ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራው። ታኅሣሥ ውስጥ ክፍላችን በሙሉ በአንድ አውቶቡስ ተጭኖ ጢያ ሄደ። ጢያን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ፣ ጉራጌ ሶዶ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በአጥር የተከለለ መስክ አለ። መስኩ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ 32ቱ ቅርጽ የተፈለፈለባቸው ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ 160 ገደማ ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ጢያ ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

የደረስነው ረፋዱ ላይ ነበር። አስጐብኚው ገለጻውን ሲያደርግ ግማሾቻችን እንሰማለን፣ ግማሾቻችን እርስ በርስ ፎቶ እንነሳለን። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። ምክንያቱም መምህራችን አስቀድመው ሕጉን ነግረውናል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። የቀትር ብርሃን ደረቅ ነው፣ ጥላው ጥቁር ነው፣ ቀለሙ የነጣ ነው። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወደ ከተማ ተመልሰን ምሳ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ካርታ የተጫወቱም አሉ። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ተመልሰን ብርሃኑ እስኪያምር ጠበቅን።

አማረ። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ድንጋዮቹን በኔና በፀሐይዋ መሐል አድርጌ ሳሩ ላይ ተንበረከክሁ። የኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ አትለማመጥም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቁልቁል ትወርዳለች እንጂ እንደ አውሮፓ ሰማዩን እያግበሰበሰች አትንሸራተትም። ያለሽ ደቂቃ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር ጡሩምባ እየነፋ እኔ አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ።

ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል። የቦታው ጥበቃ ናቸው፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቀኑን ሙሉ ሲያዩን የዋሉ።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን አጥብበው አዩና «ያምራል» አሉ። ከዚያ እንደገና አዩ።

«ጐራዴው የታለ?»

«አባባ፣ ፀሐይዋ ከኋላ ስለሆነች አይታይም። ሆን ብለን ነው እንዲህ የምናደርገው፣ ሲሉዌት ይባላል።»

«ሆን ብለሽ?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ለጓደኞቼ ሳወራ ሳቅን። «ሆን ብለሽ?» የክፍላችን ቀልድ ሆኖ አንድ ወር ቆየ። ካፌ ውስጥ ሻይ ሲደፋ «ሆን ብለሽ?»፣ ፈተና ላይ ስም መጻፍ ሲረሳ «ሆን ብለህ?»…

ቀልዱ የቆመው ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ ነው። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፎቶው ፊት ቆማ አገኘኋትና ባለቤቱ እኔ መሆኔን ጣል አደረግሁላት (ማን ይተዋል!)። «ምስጢራዊ ያልሽው ምኑን ነው?» አለችኝ። «ቅርጾቹን ነዋ፤ ጐራዴ አለ፣ ክብ አለ፣ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ፣ ምን ማለት እንደሆኑ እስከዛሬ ያወቀ የለም» አልኳት። ወደ ፎቶው ዞራ ፈለገች። በቅን ልብ ነው የፈለገችው፤ ጠጋ ብላ፣ ጎንበስ ብላ። በመጨረሻ «እኔ ጋ አይታየኝም፣ የታል?» ስትል የሽማግሌውን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

እስቲ አስቡት። «ምስጢራዊ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምስጢሩ ድንጋዩ ላይ ተፈልፍሎ የተቀመጠ ነው። እኔ ምስጢሩን በጥቁር ጥላ ከደንኩና ጥላውን «ምስጢር» ብዬ ለአንባቢ ሸጥኩ።

የቴሌቪዥን ኮርስ የወሰዳችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ምንጭ ሲኖር ጀርባውን ለመስኮት ሰጥተን እናስቀምጠዋለን። ካሜራ የዋህ መሣሪያ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ደምሮ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። መስኮቱ ሲያይልበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሰውየው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጆሮው ይታያል፣ ትከሻው ይታያል፣ ፊቱ የለም። ይህን የምናደርገው ሰውየው ስለጠየቀንና አደጋ ስላለበት ነው። በዚያ ላይ ለተመልካች «ማንነቱን ሸፍነናል» ብለን እንናገራለን።

የጢያ ድንጋይስ ማን ይሸፈንልኝ አለ? እኔ ያደረግሁት ያው የመስኮቱን ዘዴ ነው። ምስክሩን ፊቱን አጥፍቼ አቀረብኩት፤ መሸፈኔንም ለማንም አልተናገርኩም። የተረፈው ቁመቱ ነው። ቁመት ብቻውን ደግሞ ምን ይናገራል? ያንን ፎቶ ጽሑፉን ከልላችሁ ለሰው ብታሳዩት የአጥር እንጨት ነው ቢላችሁ አትፍረዱበት።

ይህ የኔ ብቻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይዤው እቀመጥ ነበር። ግን የቀን መቁጠሪያዎቻችንን፣ የሆቴል ግድግዳዎችን፣ የጉዞ ብሮሹሮችን እዩ። አክሱም ከጀምበር ፊት፣ ፋሲል ግንብ ከጀምበር ፊት፣ ጢያ ከጀምበር ፊት። በ1937 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣሊያ ወደ ሮም የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት ውሰዱ። አገር በሙሉ ስንት ዓመት «ይመለስልን» ሲል ኖሮ በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን መጣ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ተተክሎ ተመረቀ። ያ ሐውልት 24 ሜትር ገደማ የሚሆን ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ የፎቅ ቤት ነው። ከስሩ በር ተቀርጾበታል፣ ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ይደረደራል፣ በየፎቁ መሐል የእንጨት ግንድ ጫፍ አስመስለው የጠረቧቸው ክብ ክብ ነገሮች አሉ። የአክሱም ሰው ቤቱን እንዴት ይሠራ እንደነበረ ሊያነብ የሚፈልግ ድንጋዩ ላይ ያነባል። ጀምበሯን ከኋላው ስናስቀምጥ ያ ሁሉ ፎቅ የመብራት እንጨት ይሆናል። ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል የጮህነው?

ወደ ጢያ ልመለስ። ከአስጐብኚው ገለጻ ያመለጠኝን ከቤተ መጻሕፍት ለቃቅሜያለሁ። ቦታው መቃብር ነው። በቁፋሮ ተረጋግጧል፤ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ያዘጋጁት የጥናት መጽሐፍም በ1995 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ አጥኚዎች ደግሞ ከግራኝ ዘመን በፊት ያስቀምጧቸዋል፣ ትክክለኛ ዕድሜያቸው ግን ገና አልተቆረጠም። ሟቾቹ የተቀበሩት እናት ማሕፀን ውስጥ እንዳለ ሕፃን ተኮራምተው ነው። አስጐብኚው እንደሚሉት የተገኘው አጽም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ነው።

እዚች ላይ ትንሽ ቆሜያለሁ። እኔ 21 ዓመቴ ነው። የተንበረከክሁበት ሳር ስር የተኛው የኔ እኩያ ነው፤ የክፍላችን ልጆች እኩያ ነው። አንድ ሰው ልጁን ወይ ወንድሙን ወይ እህቱን ቀብሮ ድንጋይ ጎትቶ አምጥቶ፣ ጠርቦ፣ በራሱ ላይ ምልክት ፈልፍሎለታል። ጐራዴው የጀግንነት ቁጥር ነው የሚሉ አሉ፣ የማዕረግ ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ መልሱን የያዘው ሰው የለም። ግን የሆነ ነገር ሊነግረን ፈልጎ መጻፉ አያጠራጥርም። ያ ሰው የጻፈውን ነው እኔ ለሰማዩ ቀለም ብዬ ያጠፋሁት።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በራሴ ገንዘብ ተመለስኩ። የቡታጅራ መኪና ተሳፍረን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሄድን። የመምህራችንን ሕግ አክብሬ ጠዋት በጊዜ ለመድረስ አስቤ ነበር፤ መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማ ሲነፋ፣ ጢያ ስንወርድ 5 ሰዓት አልፏል። ተናደድኩ። «በቃ፣ ደረቅ ብርሃን ነው፣ እስከ 10 ሰዓት ቁጭ ብለን መጠበቅ ነው» አልኳት።

ሽማግሌው እዚያው ናቸው። አወቁኝ። «ዛሬ ደግሞ ምሳ አትበሉም?» አሉ፤ አሽሙር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለጐራዴው እንደመጣሁ ስነግራቸው ተነሡ። «እንግዲያስ ነይ፣ ጐራዴው የሚወጣው አሁን ነው» ብለው ቀደሙ።

ይኼን ነገር በዝግታ ላስረዳ፤ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ እሱ ነው። ልስን የሚሠራ ሰው ግድግዳው መስተካከሉን ማወቅ ሲፈልግ መብራቱን ፊት ለፊት አያበራም፤ ከግድግዳው ጎን ይይዝና ብርሃኑን በግድግዳው ላይ ያስኬደዋል። ያኔ ትንሿ እብጠት ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። የቆመ ድንጋይም ግድግዳ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ብርሃኗ ከላይ ወደ ታች ድንጋዩን እየታከከ ይወርዳል። ጠዋትና ማታ ድምጥማጡ የማይታይ ስስ ፍልፍል ሁሉ ጠርዙ ጥላ ይጥልና ተነቅሶ ይወጣል። ጢያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በቀጥታ በአናቷ ላይ ታልፋለች። ልክ ከቀትር በፊት ወደ ምሥራቅ የዞረው ፊት፣ ከቀትር በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረው ፊት ተራ በተራ ይነበባል።

መጽሐፉ «ካሜራህን ቦርሳህ ውስጥ ክተት» የሚለው ሰዓት ይህ ነው! መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የጻፈው ስለ ሰው ፊት ነው። የሰው ፊት በቀትር ዓይኑ ጉድጓድ፣ አፍንጫው ጦር ይሆናል። ድንጋይ ግን አፍንጫ የለውም፤ ያለው ጐራዴ ነው።

አየሁት እንግዲህ። በታኅሣሥ አርባ ጊዜ ያነሳሁት ድንጋይ ላይ ጐራዴዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እጀታቸው ሳይቀር ይለያል። ከነሱ ዝቅ ብሎ ክቡ፣ ከክቡ ዝቅ ብሎ ያ ቅጠል የመሰለው ምልክት። በአንዱ ጎን ሽበት የመሰለ ነገር ድንጋዩን ይዞታል፤ ቅርጹን ቀስ እያለ እየበላው ነው። ደመና ሲመጣ ሁሉም እልም ይላል፣ ደመናው ሲያልፍ ተመልሶ ይወጣል። ጓደኛዬ «ለምን ጠመኔ አንቀባውም፣ ጥርት ብሎ ይታይ የለ?» ስትል የሽማግሌው ዱላ ከትከሻቸው ወረደ። ቀልዷን ነበር፣ ግን በሌላ አገር ብዙ የድንጋይ ላይ ሥዕል በዚሁ ሐሳብ ተበላሽቷል። ጠመኔም፣ ከሰልም፣ ውኃም ድንጋዩን ይጎዳሉ፣ በኋላ ለሚያጠናው ሰውም የሐሰት መስመር ትተው ያልፋሉ። ድንጋይ ላይ የሚፈቀደው ብርሃን ብቻ ነው።

ጥላ ውስጥ ለቀሩት ፊቶች ሌላ መላ ፈጠርን። ጓደኛዬ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችው፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ ሽማግሌው ያዙ። የነጠላው ንጣት የፀሐይዋን ብርሃን ተቀብሎ ከጎን ወደ ድንጋዩ መለሰው። ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ብር የሚገዛው አንጸባራቂ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም። «ከፍ አድርጉት፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ…» እያልኩ ሽማግሌውን ሳዛቸው ትንሽ አፍሬያለሁ፤ እሳቸው ግን ጐራዴው ብቅ ባለ ቁጥር «እሱ ነው! እሱ ነው!» ይላሉ። በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ አጠገባችን ቆመው የዋሉ ሰው ናቸው። ስልሳ የጋዜጠኝነት ተማሪ መጥቶ «ይህ ቅርጽ በስንት ሰዓት ይታያል?» ብሎ የጠየቃቸው አንድም አልነበረም። ቃለ መጠይቅ ኮርስ ላይ ሁላችንም አልፈናል።

ያነሳሁት ፎቶ አያምርም። ሰማዩ የነጣ ነው፣ ሳሩ የደረቀ ነው፣ በስተቀኝ በኩል አጥሩ ይታያል። ለቀን መቁጠሪያ የሚወስደው የለም። ጐራዴውን ግን መቁጠር ትችላላችሁ።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፤ መጥቶም ነበር። መምህራችን ሁለቱን ፎቶዎች አስቀምጠው ካዩ በኋላ የነገሩኝን እዚህ ማስፈሩ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው። «የመጀመሪያው ፎቶ ሰውን ያስቆማል፤ ሁለተኛውን ማን ቆሞ ያያል?» አሉኝ። እውነት ነው። ያቺ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የቆመችው በጀምበሯ ምክንያት ነው። ሰው ካልቆመ ጐራዴውም አይታይ። ደግሞ ሰው ጢያ ድረስ ሄዶ ብር የሚያወጣው ውብ ፎቶ አይቶ ነው፤ የከተማዋ ልጆች በአስጐብኚነትና በሻይ ቤት የሚያድሩት በዚያ ነው።

እኔም ሲሉዌት ይታገድ አላልኩም። ቅርጽ ራሱ ወሬ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ድንጋይ ዘንበል ማለቱን ለማሳየት፣ ድንጋዮቹ እንዴት እንደተሰለፉ ለማሳየት፣ አጠገባቸው ሰው አቁሞ ቁመታቸውን ለማመዛዘን ከብርሃን ፊት ማንሳት የሚሻል ነገር የለም። የማልቀበለው ብቻውን መውጣቱን ነው። ብቻውን ሲወጣ ሰው የሚቆመው ለምንም ነው። የቆመውን ሰው ባዶ እጁን ነው የምንሰደው።

ሌላም አለ። ፎቶ ጋዜጠኛ የሚሠራው ለነገ ጋዜጣ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮቹ አዛይስና ሻምባር በደቡብ ኢትዮጵያ ስላዩዋቸው ድንጋዮች በ1931 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ከነፎቶግራፍ ሰሌዳዎቹ ዛሬም ይገለጣል። የሚገለጠው ስለሚያምር አይመስለኝም፤ ያኔ የነበረውን ስለሚያሳይ ነው። ያ ሽበት የመሰለው ነገር የጐራዴውን እጀታ በልቶ ሲጨርስ እጀታው ነበረ ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? በስልካችን ውስጥ ያለው የጢያ ፎቶ ቢሰበሰብ በሺዎች ይቆጠር ይሆናል። ከነዚያ ውስጥ ፊቱ የሚታይ ስንቱ ነው? የዘንድሮው ስልክ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ሁለት ሦስት ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ ሰማዩንም ድንጋዩንም ልጠብቅ ይላል። እኛ ግን ጥቁር እንዲሆንልን ብለን በጣታችን ብርሃኑን እንቀንሰዋለን። ሆን ብለን።

ለዲፓርትመንቱ ያለኝ ሐሳብ ትንሽ ነው። ቅርስ የሚያሳይ የፎቶ ሥራ ሲሰጥ ሦስት ፎቶ ይጠየቅ። አንዱ ቦታውን፣ አንዱ አንዱን ድንጋይ ከነቅርጹ፣ አንዱ የፈለግነውን፤ ጀምበርም ቢሆን። ከስራቸው የሚጻፈው ደግሞ የምናውቀውን ይናገር። «ምስጢራዊ»፣ «ድንቅ»፣ «ጥንታዊ» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ሴሚስተር ብናሳርፋቸው የሚጎዳ ያለ አይመስለኝም። (እኔ በዚህ ጽሑፍ ስንቴ «ምስጢር» እንዳልኩ አትቁጠሩብኝ።)

የኮሪደሩ ፎቶ አልወረደም። አይወርድም ከተባለ ብዬ ባለፈው ሰኞ ሁለተኛውን በኤ ፎር ወረቀት አሳትሜ ከስሩ ለጥፌዋለሁ፤ አራት መርፌ ቁልፍ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ተበድሬ። ጽሑፉ «ከጢያ ድንጋዮች አንዱ፣ ሚያዝያ፣ 6 ሰዓት። ጐራዴ፣ ክብ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ምልክት። ከስሩ መቃብር ነው» ይላል። ያቺ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጥታ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው ግን በእርሳስ ጐራዴዎቹን ቆጥሮ ኅዳጉ ላይ ቁጥር ጽፏል፤ አንድ ስቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ጢያ ለምትሄዱ፣ ምሳችሁን 5 ሰዓት ሳይሞላ ብሉ። ነጣ ያለ ነጠላ ወይም አንሶላ ያዙ። ሽማግሌውን ካገኛችኋቸው ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ያሳተምኩትን ፎቶ አንድ ኮፒ ለሳቸው ከልዬዋለሁ፣ የሚያደርስልኝ ካለ የሁለተኛ ዓመት ክፍል አለሁ።